ክብራንና እንጦስ፦ ሴት በቤተ ክርስቲያን የተዘጋባትና ያልተዘጋባት በር

(ባሕር ዳር ላይ ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮችና ለጽዋ ማኅበር እናቶች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ)

አባቶች ካህናት፣ እናቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤

ከዚህ ከባሕር ዳር ዳርቻ በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲኬድ ሁለት ደሴቶች ተጎራብተው ይገኛሉ። አንደኛው ክብራን ገብርኤል ነው፤ ሴት አትረግጠውም። ሁለተኛው እንጦስ ኢየሱስ ነው፤ ሴት ትገባበታለች፣ መነኮሳይያትም ኖረውበታል። ባለ ጀልባው ክብራን ሲደርስ ወንዶቹን ያወርድና ሴቶቹን ወይ እንጦስ ያደርሳቸዋል ወይ ጀልባው ላይ ያስጠብቃቸዋል። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይህን ሥርዓት ሲያውቀው ነው የኖረው። የክብራን በር መዘጋቱ አይገርምም፤ ወንዶች መነኮሳት ብቻቸውን እንዲኖሩበት የተለየ ገዳም ነው። የሚገርመው ስለ ሴቶች አገልግሎት በተነሣ ቁጥር ሁላችንም የምናወራው ስለ ክብራን ብቻ መሆኑ ነው። "ሴት በቤተ ክርስቲያን ምን ድርሻ አላት?" ሲባል ወዲያው "አትቀድስም፣ መቅደስ አትገባም፣ ማኅሌት አትቆምም" ይባላል። ልክ ነው። የተጠየቀው ግን ምን ድርሻ እንዳላት ነበር።

ዛሬ የምንለው አንድ ነገር ነው። ክህነት ሌላ፣ አስተዳደር ሌላ። ሁለቱን አደባልቀን ስለያዝን ቀኖና ያልዘጋው ወንበር ሁሉ በክህነት ስም ተዘግቶ ቀርቷል። የሰበካ ጉባኤ (አጥቢያውን የሚያስተዳድረው ጉባኤ) ወንበር፣ የሒሳብ መዝገብ፣ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መሪነት፣ አንዳቸውም ጵጵስና ወይም ቅስና አይጠይቁም። በምእመናን ወገን ተመርጦ እዚያ የሚቀመጠው ወንድ እንደ ሴቷ ምእመን ነው፤ እሱም መቅደስ አይገባም፣ እሱም ታቦት አይነካም። እሱ ተመርጦ እሷ የቀረችበት ምክንያት ካለ ከልማድ እንጂ ከሥርዓት የመጣ አይደለም።

በየስብሰባው የሚጠቀሰውን ጥቅስ እናንሣ። "ሴቶች በማኅበር ዝም ይበሉ" የሚለው በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 14 ላይ ነው። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 11 ላይ ግን ሐዋርያው ሴት ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ራሷን ትሸፍን ይላል። ጭራሽ እንዳትናገር ቢፈልግ ኖሮ ስትናገር እንዴት ትሁን ብሎ ባልደነገገ ነበር። ሁለቱን አስማምቶ መተርጎም የመምህራን ሥራ ነው፤ አንዱን ቆርጦ ለምርጫ ቀን ማስቀመጥ ግን ትርጓሜ አይባልም። ሮሜ 16 ፌቤንን የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይላታል፤ የግሪኩ ቃል "ዲያቆኖስ" ነው። የሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ጵርስቅላ ከባሏ ከአቂላ ጋር ሆና አጵሎስን የሚያህል አንደበተ ርቱዕ ሊቅ አስተምራለች። በእኛም ትውፊት 120ው ቤተሰብ ሲቆጠር 12 ሐዋርያት፣ 72 አርድእት፣ 36 ቅዱሳት አንስት ተብሎ ነው። 36ቱን ያወጣ ሰው 120 አያገኝም።

ጥንት ዲያቆናዊት ነበረች። ዲድስቅልያ በተባለው የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ሥራዋ ተለይቶ ተጽፏል፦ ሴቶች ሲጠመቁ አካላቸውን ቅብዐት ትቀባለች፣ ወንድ ሊገባበት በማይገባ ቤት የታመመችውን ትጠይቃለች፣ አዲስ የተጠመቁትን ሴቶች ታስተምራለች። ከተማው ሁሉ ክርስቲያን ሆኖ ጥምቀት የሕፃናት ሲሆን ሥራዋ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ሥራ ከፊሉን ዛሬ የያዘችው ክርስትና እናት ናት። በ80 ቀኗ የምትጠመቅን ልጅ ከጥምቀተ ባሕሩ የምትቀበላት እሷ ናት፤ ሃይማኖቷን የማስተማር አደራም አለባት። ይህ አደራ በቀኖና የተሰጠ ነው፤ እኛ ግን ነጠላና የአንገት ማተብ ገዝቶ የመምጣት ጉዳይ አድርገነዋል። እኅት ቤተ ክርስቲያናችን የግብፅ ኮፕት በአቡነ ሺኖዳ ሦስተኛ ዘመን ለድኾች፣ ለሕሙማንና ለሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግሉ ዲያቆናዊያትን ለአገልግሎት መለየት ጀምራለች። ይህ የክህነት ሹመት አይደለም፤ የታወቀ ስም፣ የታወቀ ልብስና የታወቀ ኃላፊነት ያለው አገልግሎት ነው። በእኛ ዘንድ የሚጎድለውም እዚህ ላይ ነው። ሥራውን እናቶች ይሠሩታል፤ ስም የለውም፣ ስለዚህም በጀት የለውም።

ወደ ባሕሩ እንመለስ። በጣና ምሥራቃዊ ዳር ቆራጣ አለች፤ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ቦታ። በ1592 እ.ኤ.አ. ተወልዳ በ1642 ዐረፈች፤ ገድሏን ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ በ1672፣ ከዕረፍቷ 30 ዓመት በኋላ ጻፈው። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ሲዞር ባሏን ትታ መነኰሰች፤ ካህናት የንጉሡን ስም በቅዳሴ እንዳይጠሩ አስተማረች፤ በዚህም በንጉሡ ፊት ቀርባ ተከሰሰች፤ ኋላም ዠበይ ወደሚባል በረሃ ተጋዘች። ሱስንዮስ በ1632 ሃይማኖቱን ለሕዝቡ ሲመልስ ከግዞት የዘለቀው ማኅበሯ በጣና ዙሪያ ይበዛ ጀመር። እስክታርፍ ድረስ በጠቅላላው ሰባት ማኅበራትን መሥርታለች፤ ዘጌ አንዷ ናት።

ከዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚሰበከው ድፍረቷ ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ከድፍረቷ ይልቅ አስተዳደሯ ይጠቅመናል። ወንዶችም ሴቶችም ተከትለዋታል፤ ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ ያድራሉ። ያ ሁሉ ሰው እህል ይፈልጋል፣ ጎጆ ይፈልጋል፣ ሕመም ሲገባ መለየትና መንቀሳቀስ ይፈልጋል። ቅዳሴውን ካህናት ይቀድሱ ነበር፤ በዚያ ላይ እጇን አስገብታ አታውቅም። ማኅበሩ የት ይስፈር፣ ማን ይግባ፣ ከማን ማዕድ ማን ይብላ፣ የትኛዋ እኅት በየትኛው ቤት ላይ ትሾም፣ ይህን የምትቆርጠው እሷ ነበረች። እመ ምኔት የሚለው ማዕርግ ትርጉሙ ይኸው ነው። የዛሬውን ጥያቄ ያኔ ብትጠየቅ ኖሮ የምትደናገር አይመስለንም፤ ክህነቱንና አስተዳደሩን እያንዳንዱን በቦታው አስቀምጣ 400 ዓመት ሊሞላ ነው።

ከእሷ በፊትም በ15ኛው መቶ ዓመት ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ከሸዋ መጥታ ጓንጉት ላይ የሴቶች ገዳም መሥርታለች። ገድሏ የልጆች እናት እንደነበረች ይነግረናል፤ በጣና ውስጥ 12 ዓመት ቆማ እንደጸለየችም። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሰይጣንን ከፈጣሪው ላስታርቅ ማለቷን ነው። ገዳም ማቋቋሟ ግን በስብከት ላይ እምብዛም አይነሣም።

ሦስተኛዋ ምሳሌያችን ለዘመናችን የቀረቡ ናቸው፦ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው በጎጃም ጽላሎ ጉባኤ ዘርግተው አስተማሩ። በጎጃም የቅኔ መምህር መሆን ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም። ተማሪው ኮቾሮውን ለምኖ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ መምህሩን ፍለጋ ይመጣል። ጽላሎ የመጣው ወንድ ተማሪ ከእማሆይ እግር ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይነግራቸዋል፤ ሲስት ያርሙታል፤ ሲያበቃም በእሳቸው ምስክርነት ሄዶ ማኅሌት ላይ ይቀኛል። እሳቸው ማኅሌት አልቆሙም። እሱ እንዲቆም ያበቁት ግን እሳቸው ናቸው። የዕውቀት ሥልጣን ከክህነት ሥልጣን ተለይቶ እንዲህ በግልጽ የታየበት ሌላ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ነገሥታቱን በአጭሩ እንለፋቸው። እቴጌ እሌኒ መርጡለ ማርያምን አሠርታለች፤ እቴጌ ምንትዋብ በጣና ደሴት በደቅ ላይ ናርጋ ሥላሴን አሠርታለች፣ በግድግዳው ላይም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። ንግሥት ብትፈልግ ትሠራለች፤ ርስት አላት፣ ወታደር አላት። እዚህ በባሕር ዳር የቀበሌ 11ዋ ወይም የሽምብጥዋ እናት ጥያቄ ሌላ ነው።

ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የሄዱበትን መንገድም ማወቅ አይጎዳም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ ሴቶች በቅስና እንዲሾሙ በ1997 እ.ኤ.አ. ወስኖ የመጀመሪያዋ በ2000 ተሾማለች። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን በ1958 ወስና በ1960 ሾመች። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሴት ቄሶችን በ1994 ሾማ ወደ ጵጵስና ያደረሰቻቸው በ2015 ነው፤ በመካከሉ 21 ዓመት አለ። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ክህነቱን ለወንዶች ብቻ እንደያዘች ናት፤ ሆኖም በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ሲስተር ሲሞና ብራምቢላ በቫቲካን የመነኮሳትና የመነኮሳይያት ጉዳይ የሚታይበትን መሥሪያ ቤት እንዲመሩ ተሾመዋል፤ እንዲህ ባለው ደረጃ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ክርክር ይቀርባል፤ ክህነቱ ባለበት ሆኖ አስተዳደሩ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ያሳያልና። ቅስናውን የከፈቱትም ቢሆኑ ሥራው አላለቀላቸውም። የተሾመችው ሴት ወደ ሕፃናት ክፍል ወይም ወደ ቢሮ ተመድባ ምእመናን የምትመራበት ሰበካ ሳታገኝ የምትቆይበት ጊዜ አለ። በር መክፈትና ወንበር ማዘጋጀት ለየቅል ነው።

አሁን ወደ አጥቢያችን እንግባ፤ አብዛኛውን ሰዓታችንን የምንሰጠውም ለዚህ ነው። ሰበካ ጉባኤ የቆመበት ደንብ ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣ ነው፤ በኋላም ተሻሽሏል። ጉባኤው ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት በሚመረጡ አባላት ይቆማል፤ የደብሩ አስተዳዳሪ ይመሩታል። ስለዚህ ሴት የምትገባበት በር ሁለት ነው፦ የምእመናኑና የሰንበት ትምህርት ቤቱ። ሁለተኛው ቀለል ይላል፣ እኅቶች መዝሙሩንም ትምህርቱንም ስለያዙ። የመጀመሪያው ነው የሚጠበው።

መጥበብ የሚጀምረው ከምርጫው ቀን አይደለም፤ ከመዝገቡ ነው። የአባልነት መዝገቡ በአባወራ ስም ተከፍቶ ክፍያውም በእሱ ስም ሲቆረጥ ሚስቲቱ በ"ቤተሰብ" ዓምድ ውስጥ ቁጥር ሆና ትቀራለች። 20 ዓመት ሙሉ ኪዳን ያደረሰች፣ ጧፍና ዕጣን ያላጓደለች እናት እጩ ስትሆን "መዝገብ ላይ የሉም" ይባላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ምርጫው ከመድረሱ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት በራሷ ስም ትመዝገብ፣ መዋጮዋን በራሷ ስም ትክፈል፣ ደረሰኟን ትያዝ። ደረሰኙ ላይ "ወ/ሮ" ብሎ የባሏን ስም የሚጽፍ ጸሐፊ ካለ እዚያው ይታረም፤ በኋላ ማረም አይቻልም። ባል የሞተባት ወይም ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር ሴት ይህ ችግር የለባትም፤ አንዳንድ አጥቢያ ላይ የተመረጡት ሴቶች ሁሉ ባል የሌላቸው የሚሆኑት ለዚህም ይመስለናል።

ቀጥሎ እጩነት። ሴትን ድንገት ከሕዝቡ መሃል ማስነሣት ደግነት ይመስላል፤ በተግባር ግን እንድትሸሽ ማድረግ ነው። "እኔ ምን አውቄ" ብላ ትቀመጣለች፤ እኛም "ጠይቀናት እምቢ አለች" ብለን እንገላገላለን። እጩዋ አስቀድማ ትጠየቅ፣ ከንስሐ አባቷና ከቤተሰቧ ጋር ትምከር፣ ደንቡን ታንብብ። ከአንድ በላይ ሴት ትቅረብ። አንዲት ብቻ ስትሆን በጉባኤው ውስጥ "የሴቶች ተወካይ" ትሆናለች፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲነሣ ማንም ዓይኗን አያያትም፤ የሻይ ነገር ሲነሣ ሁሉም ወደ እሷ ይዞራል። ሁለት ሲሆኑ አንዷ የተናገረችውን ሌላዋ ትደግፋለች፤ ሦስት ሲሆኑ የጉባኤው ወሬ ራሱ ይለወጣል።

ከተመረጠች በኋላ ሁለት ነገሮች ሳይታወቅ ያስወጧታል፦ ቦታና ሰዓት። ጉባኤ በሕንፃው ውስጥ፣ በቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ምንጣፍ ላይ ሲደረግ ደስ ይላል። ሴት ግን የወር አበባ ላይ ስትሆን ወደ ውስጥ አትገባም፤ ከወለደችም ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ትቆያለች። በወር አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ጉባኤ በዓመት 12 ስብሰባ አለው፤ ከእነዚያ ሁለት ወይም ሦስቱ እንዲህ ባለ ቀን ላይ ቢውሉባት ምክንያቷን በአደባባይ አትናገር፣ "ትቀራለች" ተብሎ ይያዝባታል። ስብሰባው በአዳራሹ ወይም በደጀ ሰላሙ ቢሆን ችግሩ የለም። ሥርዓቱ ተጠበቀ፣ ሴቲቱም አልቀረች። የሰንበቱ "ከቅዳሴ መልስ" ሰዓትም እንዲሁ ነው። ቅዳሴ 3 ሰዓት ላይ ቢያልቅ ጠበል ተጠጥቶ፣ ሰላምታው አልቆ፣ ምልዓተ ጉባኤ እስኪሞላ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ወንዱ ቤቱ ቁርስ ይጠብቀዋል፤ የሴቷን ቁርስ የምታዘጋጀው ራሷ ናት። ከሰዓት 8 ሰዓት ይሁን፤ በ8 ይጀመር፣ በ10 ያብቃ።

ቃለ ጉባኤው ሌላ ጉዳይ ነው። ሴቷ ሐሳብ ታቀርባለች፣ ዝም ይባላል፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ አንድ ወንድም ያንኑ ደግሞ ይናገረዋል፣ "ጥሩ ሐሳብ" ተብሎ በእሱ ስም ይጻፋል። ይህ የሆነው በክፋት ላይሆን ይችላል፤ ጆሮ የለመደውን ድምፅ ይሰማል። ጸሐፊው ሐሳብ አቅራቢውን በስም ይጻፍ፤ እሷም ከመፈረሟ በፊት ታንብብ። ሳያነቡ መፈረም የወንዱም በሽታ ነው፤ ነገር ሲበላሽ ግን ቀድሞ የሚጠራው የእሷ ስም ነው፣ በተለይ ገንዘብ ያዥ ከሆነች።

ሴትን ገንዘብ ያዥ ማድረግ ተወዷል፤ "ትታመናለች" ይባላል። እምነት ጥሩ ነው፣ ግን ሥርዓት ካልተከተለው እዳ ነው። የሙዳየ ምጽዋቱን አከፋፈት ጠጋ ብለን እንየው። ሙዳዩ ሁለት የተለያየ ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ በካህን፣ አንዱ በምእመን እጅ ይሁን፤ የሁለቱም ትርፍ ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ እንዳይሆን። የሚከፈትበት ቀን አስቀድሞ ይታወቅ፤ የሥራ ቀን ቢሆን ይመረጣል፣ ጠዋት። ጠረጴዛው ላይ ከሦስት ያላነሱ ቆጣሪዎች ይቀመጡ። 200፣ 100፣ 50፣ 10 እና 5 ብሩ ለየብቻ ይለይ፤ ሳንቲሙ በመጨረሻ። አንዷ የቆጠረችውን ሌላው ይድገመው፤ ሁለቱ ከተለያዩ የዚያ ዓይነት ብር ብቻ እንደገና ይቆጠር፣ ሁሉም አይቀላቀል። ድምሩ በቃለ ጉባኤ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፣ ሁሉም ይፈርሙ፣ የገቢ ደረሰኝ እዚያው ይቆረጥ፣ ገንዘቡ በዚያው ቀን ባንክ ይግባ። የሚበላሸው የት ነው? በዓል ማታ ሲቆጠር። ባንክ ዝግ ነው፤ "እማማ ይያዙት" ተብሎ በነጠላ ተጠቅልሎ ቤቷ ያድራል። ከዚያች ሌሊት በኋላ አንድ መቶ ብር ጎደለ ቢባል የምታስረዳበት ወረቀት የላትም። ገንዘብ ያዥ ለመሆን የምትስማማ እኅት የመጀመሪያ ቃሏ "ብር ቤቴ አያድርም" የሚል ይሁን። ሁለተኛው ደግሞ "ያልተሞላ ቼክ ላይ አልፈርምም"።

የዓይነት ስጦታ ከገንዘቡ ይብሳል። ጥላ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ለስለት የመጣ በግ። ይህን የሚያመጡት በአብዛኛው እናቶች ናቸው፤ የቱ ጥላ ከየት እንደመጣ፣ የቱ መጋረጃ የማን ስለት እንደሆነ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው። በጨረታ ሲሸጥ ዋጋውን የሚቆርጡት ግን የጨርቁን ዋጋ የማያውቁ ሰዎች ይሆናሉ። የሽያጭ ኮሚቴ ውስጥ ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ይኑር፤ ይኸው ነው።

"ንዋየ ቅድሳት (የመቅደሱን ዕቃ) የማትነካ ሴት ንብረት እንዴት ትረከባለች?" የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ምእመኑ ወንድ እንዴት እንደሚረከብ ነው፤ እሱም አይነካም። ካህኑና ዲያቆኑ ከውስጥ እየቆጠሩ በስም ይጠሩታል፦ ጻሕል ይህን ያህል፣ ጽዋ ይህን ያህል፣ መስቀል፣ ጽና፣ አልባሳት፣ መጻሕፍት በየስማቸው። እሷ ከውጭ ሆና በተራ ቁጥር ትጽፋለች፤ ካህናቱ እያንዳንዱን ገጽ ይፈርማሉ፤ እሷም ዝርዝሩን መቀበሏን ትፈርማለች። በብራና መጽሐፍ ላይ "መጽሐፍ 1" ብሎ መጻፍ አደጋ ነው፤ ስሙ፣ የቅጠሉ ብዛት፣ ገበታው እንጨት ይሁን ቆዳ ለበስ፣ ሥዕል ካለው ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ከጣና ደሴቶች የጠፋ መጽሐፍ ቢገኝ የእኛ ነው ብሎ ለመከራከር የሚያስችለው ይህ መስመር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከማዕድ ቤት። ለ200 ሰው ዝክር ተወሰነ እንበል። ለአንድ ሰው ሁለት እንጀራ ቢታሰብ 400 እንጀራ ነው። አንዱ እንጀራ ከማስፋት እስከ ማውጣት 3 ደቂቃ ቢፈጅ 1,200 ደቂቃ፣ ማለት 20 ሰዓት ነው፤ በአራት ምጣድ 5 ሰዓት። መብራት ቢጠፋስ? የእንጨት ምጣድ ከአራቱ ሁለቱ ይሁን። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል፤ ስለዚህ ጤፉ ተነፍቶ ተፈጭቶ የሚያልቀው ቢያንስ ከአምስት ቀን በፊት ነው። ጠላው ደግሞ ጌሾው ተወቅጦ፣ ተጠንስሶ፣ ቂጣው ተጋግሮ፣ ብቅልና ደረቆቱ ገብቶ እስኪደርስ ከ10 ቀን በላይ ይወስዳል። ይህን ሁሉ የሚያውቁት እናቶች ናቸው። በጀቱን የሚያጸድቀው ጉባኤ ግን እነሱ በሌሉበት በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ይሰበሰባል። ጠላው ጉሽ ሆኖ ይቀርባል፣ እንጀራው አፍለኛ ይሆናል፣ "እናቶች ዘንድሮ አልተዘጋጁም" ይባላል። እናቶችማ ተዘጋጅተው ነበር፤ ውሳኔው ነው የዘገየው። ወንድሞች፣ ይህን ሁሉ በቃሏ አስልታ የምታውቅ ሴት የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴን የሲሚንቶ ቁጥር ትስታለች ብሎ መስጋት ምን ይባላል?

የጽዋ ማኅበሩም ትምህርት ቤት ነው። በየወሩ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ሙሴዋ (የማኅበሩ መሪ) ማን ቀረ፣ ማን ታመመ፣ የማን ተራ ነው ብላ ትቆጣጠራለች፤ ቅጣቱን ታስከፍላለች፤ የተጣሉትን ጽዋው ሳይነሣ ታስታርቃለች። ሰበካ ጉባኤ የሚፈልገው ችሎታ ይኸው ነው። እጩ የምንፈልግ ከሆነ ሩቅ መሄድ አይገባም፤ ሁለት ሦስት ዓመት ሙሴ የሆነችዋን መጠየቅ ነው። መጻፍና ማንበብ የማትችል ብትሆን ከሰንበት ትምህርት ቤት አንዲት እኅት መዝገቡን እየያዘች ትርዳት፤ እማሆይ ገላነሽም ያለ ዓይን ነው ጉባኤ የያዙት።

የመጨረሻው ርክክብ ነው። ወለተ ጴጥሮስ በ1642 ስታርፍ ማኅበሩ አልተበተነም፤ ከመጀመሪያው አብራት የነበረችው እኅተ ክርስቶስ ተቀብላ አስተዳደረችው። በእኛ አጥቢያ አንዲት ጎበዝ ሴት የሥራ ዘመኗን ጨርሳ ስትወጣ ግን ወንበሯ ተመልሶ የወንድ ይሆናል፣ መዝገቡን እንዴት ትይዝ እንደነበር የሚያውቅ ሌላ ሴት የለምና። ስለዚህ ዘመኗ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀራት አንዲት ወይም ሁለት እኅቶች ቆጠራው ላይ አጠገቧ ይቀመጡ፣ የባንክ ደብተሩን ያስታርቁ፣ የደረሰኝ ጥራዞቹን ተራ ቁጥር ይይዙ። በመውጫዋ ቀን የሚቀረው ገንዘብ፣ ያልተቆረጡት ደረሰኞች ከስንት እስከ ስንት እንደሆኑ፣ የንብረቱ ዝርዝርና የሙዳዩ ቁልፍ ተጽፎ በሦስት ቅጂ ይፈረም፤ አንዱ ለምትወጣዋ፣ አንዱ ለምትገባዋ፣ አንዱ ለጽሕፈት ቤቱ። የምትወጣዋ ቅጂዋን ከሣጥኗ ታስቀምጠው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ኦዲተር ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠይቃት እሱን ነው።